የኪራይ ወላጆችና የቀን ሰዓት እላፊ

ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሰሚት ባለው አገር፣ በትምህርት ሰዓት ከክፍል የጠፋ ተማሪ የት እንዳለ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ጉራ ነው የሚል ካለ በዚያን ጊዜ የነበሩትን ርዕሰ መምህራን ይጠይቅ። አብዛኞቹ በሕይወት አሉ። የማይወዱኝም እንኳ ይህን አይክዱም።

ጡረታ ስወጣ የግድግዳ ሰዓትና ጃንጥላ ሰጡኝ። የመጨረሻው አለቃዬ የስንብት ንግግር ሲያደርግ «ጋሽ ታምራት ለትውልዱ የደከሙ» አለ። ስሜ ታምሩ ነው። አጨብጭበው ለስላሳ ጠጡና ተበተኑ። እኔም ጃንጥላዬን ይዤ ሰሚት ወደሚገኘው ኮንዶሚኒየም፣ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ።

ባለቤቴ ካረፈች ቆይቷል። ልጅ አልሰጠንም። ደረጃው ላይ የሚጫወቱ የጎረቤት ልጆች የእኔን ኮቴ ሲሰሙ ጸጥ ይላሉ። «ቅዳሜ ነው እኮ፣ ትምህርት የለም፣ ተጫወቱ» እላቸዋለሁ። ግድግዳውን ተጠግተው ያሳልፉኛል። ድምፃቸው የሚመለሰው በሬን ከዘጋሁ በኋላ ነው። ይህ ሥራዬን በሚገባ እንደሠራሁ ያሳያል፤ ቢሆንም ሰው በገዛ ደረጃው ላይ እንዲህ ሲፈራ ደስ አይልም። ቀኑ ረጅም ነው፤ ወሬ የሚያወራኝም ስለሌለ ልጽፈው ተነሣሁ።

በቅድሚያ ማን እንደሆንኩ ይታወቅ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ዘበኛ ሳለሁ፣ ልጆቹ ዓመቱ ሲያልቅ የሚጥሏቸውን ደብተሮች እየሰበሰብኩ የስምንተኛ ክፍል አልጀብራ ጨርሻለሁ። የመልሱን ቀይ እርማት በእጄ ሸፍኜ ነበር የምሠራው። ኦሮምኛ የተማርኩት ላምበረት መናኸሪያ ነው፤ ስልጤኛም ሰላምታ መለዋወጥ የሚያስችለኝን ያህል አውቃለሁ።

የቀን ሰዓት እላፊው የመጣው በሰፈሩ ስልክ መንጠቅና የቡድን ጠብ ሲበዛ ነው። ወረዳው፣ ትምህርት ቤቶቹና የወላጆች ኮሚቴ ተሰብስበው ለአካለ መጠን ያልደረሰ ተማሪ በትምህርት ሰዓት ፑል ቤት፣ ፕሌይስቴሽን ቤት፣ ሺሻ ቤት፣ መናኸሪያ ወይም መንገድ ላይ እንዳይገኝ ወሰኑ። የሚቆጣጠር ሰው ሲፈለግ፣ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር «ከታምሩ ዓይን የሚያመልጥ የለም» ብሎ እኔን ላከ። ሕዝቡ ሳቀብን። «ሰዓት እላፊ የምናውቀው በሌሊት ነው» አሉ። ልጆቹማ ከሩቅ ሲያዩን «ሰዓት እላፊ መጣ!» እያሉ ይጮኹ ነበር። ስሜ በዚያው ቀረ። ደመወዙ ስለ ደመወዝ ለማውራት አይበቃም፤ እንለፈው።

አስተማሪ ነበረኝ ማለት አይሆንልኝም። ነገር ግን ዘምዘምን ሳላነሳ ባልፍ የሚያውቁን ሰዎች ይታዘቡኛል። ዘምዘም በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል፣ ከነጋዴ ቤተሰብ የወጣች የስልጤ ልጅ ናት። ያደገችው በአባቷ ሱቅ ነው። ከእኔ በፊት በሥራው ላይ ስለነበረች እሷ ጋር መደቡኝ። በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ልጅ ከፑል ቤት በጓሮ ዘሎ ሲያመልጥ በዚያ ዕድሜዬ ተከትዬው ሮጥኩ፤ ሳል ይዞኝ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ዘምዘም አንዲት ሱቅ በር ላይ በርጩማ ይዛ ቆሎ ትቆረጥማለች።

«ምን ያሮጥዎታል ጋሽ ታምሩ? ቦርሳው እኮ እዚህ ነው» አለችኝ።

የሱቁ ባለቤት ከባንኮኒው ሥር የተማሪ ቦርሳዎች ደርድሯል። ክፍል የሚቀር ልጅ ቦርሳ ይዞ አይዞርም፤ ያስታውቅበታላ። ሱቅ ያስቀምጥና ማታ ከትምህርት ቤት የመጣ መስሎ ይዞት ይገባል። ስለዚህ ልጁን ማባረር ሞኝነት ነው፤ ቦርሳው አጠገብ መቀመጥ ይበቃል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሮጬ አላውቅም። በሁለት ወር ውስጥ ከቦሌ እስከ ላምበረት ቦርሳ የሚያስቀምጡትን ሱቆች ከዘምዘም አብልጬ ዐወቅኋቸው።

የራሴም ጥበብ አለ። የደንብ ልብሱን ሹራብ ገልብጦ የለበሰ ልጅ በስፌቱ ይታወቃል። ጃኬት ደርቦ አንገቱ ድረስ የቆለፈ፣ በዚያ ሙቀት፣ ከሥሩ የትምህርት ቤት ሸሚዝ አለው። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ድንገት ዝምታ ከሆነ ልጅ አለ፤ ትልልቆቹ ሰው መጣ ብለው ዝም አይሉም።

ዘምዘም ግን የተያዘን ልጅ እጁን አትይዝም ነበር። ልጁ ከፊት፣ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ከኋላ ትሄዳለች፤ መንገደኛው የተያዘ መሆኑን እንዳያውቅ። ውኃ ሳታጠጣውና ቆሎ ሳትዘግንለት «ለምን ቀረህ?» አትለውም። «ጥያቄ በባዶ ሆድ ዱላ ነው» ትላለች። አንዱ አለቃችን ቁጥር የሚወድ ሰው ነበር፤ ቲማቲም የተረከበ ይመስል ማታ ማታ «ዛሬስ ስንት?» ይል ነበር። አንድ ቀን የተያዙትን ግቢ ውስጥ አሰልፎ ፎቶ ሊያነሳ ሲል ዘምዘም ካሜራው ፊት ቆመች።

«ዞር በይ እንጂ» አላት።

«ሰርግ ነው እንዴ? መጀመሪያ የራስዎን ልጆች ያሰልፉ፣ ከዚያ እነዚህን አነሳልዎታለሁ።»

ፎቶው ቀረ። እሷም ከዚያ ወዲህ የደረጃ ዕድገት አላየችም።

አሁን ስሜን ወዳስጠራሁበት ጉዳይ ልምጣ። በደንቡ መሠረት ሦስት ጊዜ የተያዘ ተማሪ ወላጅ አምጥቶ እስኪያስፈርም ከትምህርት ይታገዳል። ወላጅ አምጣ የተባለ የአዲስ አበባ ልጅ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ የለም፤ ወላጅ ይከራያል። ቦሌ የነበሩት ሀብታም ልጆች ሾፌራቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አንዱን ሾፌር የጌታውን ኮት አልብሰውት፣ ክራቫት አሥረውለት፣ እንደ ባለሥልጣን ጎርነን ብሎ ሲናገር የተማሪ ሥነ ሥርዓት የሚይዘው ዩኒት ሊደር እንኳ ከወንበሩ ተነሣለት። እኔ ግን እስከ መኪናው ሸኘሁት። እዚያ ሲደርስ ልማድ አሸነፈውና ሮጦ ለልጁ የኋላ በር ከፈተለት። «አባባ፣ ይግቡ እንጂ፣ ልጅዎ ይነዳል» አልኩት።

ላምበረት ደግሞ ደላላው፣ ረዳቱ፣ ተራ አስከባሪው ሁሉ በአንድ ምሳ አጎት ይሆናል። አንዱ ጥርሱ የወለቀ ደላላ አንዲት ልጅ ይዞ ገባ።

«ምኗ ነህ?» አልኩት።

«አጎቷ።»

«በእናቷ ነው በአባቷ?»

አሰበ። «በሁለቱም።»

ዩኒት ሊደሩ ከሳቁ የተነሣ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዝናዬ ወጣ። ከሌላ ትምህርት ቤት ሳይቀር የኪራይ ወላጅ ለይልን እያሉ ይወስዱኝ ጀመር። ጥያቄዎቼ ቀላል ነበሩ፤ ስንተኛ ክፍል ናት፣ ክፍሏ ሀ ነው ለ፣ ሙሉ ስሟ ማን ነው። የተከራየ ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል።

ዘምዘም በዚህ አታምንም ነበር። «የእውነት አባትም ይወድቃል» ትላለች። የእሷ ዘዴ ሌላ ነው። ቢሮ ውስጥ ምንም አትጠይቅም፤ ሲወጡ በመስኮት ታያቸዋለች። የኪራይ ወላጅና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው እየተሳሳቁ ይወጣሉ። የእውነቱ አባት ከፊት ይቀድማል፣ አይናገርም፤ ልጁ ከኋላው ይከተላል። እኔ ይህን የሴት ወሬ ነው ብዬ ንቄው ነበር።

ሰናይት ስምንተኛ ክፍል ነበረች፣ እዚሁ ሰሚት ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት። የያዝኳት ላምበረት አጠገብ ካለ ሱቅ፣ ቦርሳዋ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ባዶ ምሳ ዕቃ በፌስታል ይዛ መጣች።

«ምሳው ለማን ነው?»

«ለሰው።»

«ሰውየው ስም የለውም?»

«አለው። ለእርስዎ አይነገርም።»

ምላስ አላት። ወንድ ጓደኛ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሁለተኛ ያዝኳት፣ ሦስተኛም ያዝኳት። ታገደች። ከባዱ ነገር ጊዜው ነበር፤ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በማግስቱ ይዘጋል። ወላጅ ካላስፈረመች ዓመቱን ሙሉ የተማረችው ትምህርት ከንቱ ይቀራል። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ሰው ይዛ መጣች። ዕድሜው የገፋ፣ አንድ እግሩን የሚያነክስ፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ የያዘ። ገና ሲገባ ዐወቅኩት። ላምበረት መናኸሪያ አጠገብ፣ ከአንድ ጅምር ሕንፃ ሥር ከሚቀመጡት ሰዎች አንዱ ነው።

«አባቷ ነኝ» አለ።

«የልጅዎ ስም ማን ነው?»

«ሎሚ።»

የትምህርት ቤቷ ዩኒት ሊደር ፋይሉን አየ፣ እኔን አየኝ። ፋይሉ ሰናይት ግርማ ይላል።

«እርስዎስ?»

«ቱሉ።»

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

ሰውየው ዞር ብሎ ልጅቷን አያት። አፏን ልትከፍት ስትል እጄን አነሣሁ። ከዚያም ለመምህራኑ ሁሉ እንዲሰማ፣ «ይህ ከላምበረት የመጣ ነው፤ በዓይኔ አውቀዋለሁ። ሲያከራዩት ስሟን እንኳ አልነገሩትም» አልኩ።

«አባቴ ነው!» ብላ ጮኸች። «ምን ታውቃለህ አንተ?»

ሁልጊዜ ጋሼና እርስዎ የምትለኝ ልጅ። ሰውየው ግን አልተከራከረም። ኮፍያውን አደረገና ወጣ። ተከተለችው። መምህራኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጋሽ ታምሩ፣ ወደ መስኮቱ ይምጡ» አለች ዘምዘም።

ሄድኩ። ሰውየው እያነከሰ ከፊት ይሄዳል። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ከኋላው ትከተላለች። አይነጋገሩም። በሩ ጋ ሲደርስ ሳይዞር ቆመና እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ቦርሳዋን አወለቀችና ሰጠችው። በትከሻው አንጠልጥሎት ወጣ።

ዘምዘም ቆሎዋን እንኳ አልበላችም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሳይጽፈው ያልፍ ነበር። እኔ የምጽፈው ቀጥሎ ያደረግሁትን ሌላ ሰው ስለማያደርገው ነው።

በማግስቱ ገና ከማለዳው ላምበረት ወረድኩ። ቱሉ የጅምር ሕንፃው ጥበቃ ነው። ከቆርቆሮ በተሠራ ጎጆ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ ብረት ወድቆበት ኖሯል። ልጅቷ አጠገቡ ናት፤ የደንብ ልብሷን ለብሳለች።

«አካም ቡልተኒ፣ ኦቦ ቱሉ» አልኩ።

«ደህና አደርን» አለ በአማርኛ። ኦሮምኛዬን አልተቀበለኝም።

ነገሩን ከልጅቷ ሰማሁ። የእነ ቱሉ እርሻ ወደ ከተማው ሲገባ ቤተሰቡ ተበታተነ፤ እሷ ሰሚት አክስቷ ቤት ገባች። የአክስቷ ባል አቶ ግርማ ትምህርት ቤት ሲያስመዘግባት በራሱ ስም አደረጋት። ሎሚ የሚለውን ስሟንም ለከተማ አይሆንም ብሎ ሰናይት አላት። ቱሉና እህቱ በውርስ ተኳርፈው አይነጋገሩም፤ አክስቷ ወንድሟ ጋ እንዳትሄድ ከልክላታለች። እግሩ ከተጎዳ በኋላ ልጅቷ ምሳ የምታደርስለት፣ አክስቷ «ትምህርት ላይ ናት» ብላ በምታስብበት ሰዓት ነበር።

«ተነሡ፣ እንሂድና አስተካክላለሁ» አልኩት።

«ልጄ ልጄ መሆኗን ለማስመስከር ሁለተኛ ሰው ፊት አልቆምም።»

«ፈተናው ያልፋታል!»

«እኔ አባቷ እንዳልሆንኩ የተናገሩት እርስዎ ነዎት። ሰዉም አምኖዎታል።» እግሩን በእጁ አንሥቶ አስተካከለ። «እንግዲህ እርስዎ አባት ይፈልጉላት።»

ይቅርታ የሚለውን ቃል በሁለቱም ቋንቋ አውቀዋለሁ። በሁለቱም አላልኩትም። ልጅቷን «ነይ» አልኳት። አባቷን አየችው፤ በአገጩ ወደ በሩ አመለከታት። እኔ ከፊት አልሄድኩም። እሷን አስቀድሜ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ ከኋላ ተከተልኩ። ታክሲ ውስጥም የተቀመጠችው ከሾፌሩ ጎን ነው።

ዩኒት ሊደሩን «ሰውየው አባቷ ነው፤ ተሳስቻለሁ» አልኩት። በሥራ ዘመኔ ያን ቃል ያልኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«እሱማ፣ እርስዎ ካሉ፣ አባቷ ይምጡና ይፈርሙ።»

«አይመጣም።»

«እንግዲያው አቶ ግርማን ልጥራ።»

ልጅቷ ልብሷን ጨምድዳ ይዛለች። አቶ ግርማ ከተጠራ ምሳው ይቀራል።

«ማንም አይጠራ» አልኩ። «እኔ እፈርማለሁ።»

«ምኗ ነዎት?»

«አጎቷ።»

መምህራኑ ቢሮ ውስጥ ነበሩ። ዩኒት ሊደሩ መነጽሩን አወለቀ። «ጋሽ ታምሩ፣ የስንቱን ሰው አጎትነት አፍርሰው ኖረው ዛሬ...» ብሎ ጀመረና ተወው። አንደኛው መምህር ሳቁን በሳል ሸፈነ። ፋይሉ ወደ እኔ ተገፋ። የወላጅ ወይም አሳዳጊ ፊርማ በሚለው ቦታ ስሜንና ስልኬን ጻፍኩ፤ ፊርማዬን አሳምሬ ፈረምኩ። ከዚያን ቀን በኋላ የኪራይ ወላጅ ለይልን ብሎ የጠራኝ ትምህርት ቤት የለም። ምሳውን ደግሞ ዘምዘም በምሳ ሰዓቷ ማድረስ ጀመረች፤ የቱሉ እግር እስኪድን።

ልጅቷ ተፈተነች፣ አለፈች። በጣም ጥሩ ውጤት ነው ያመጣችው። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ስትዛወር ፋይሏ ከነስሜ ተሻገረ። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ስልክ የሚደውልልኝ ሰው አልነበረም፤ አንድ ቀን ግን ተደወለ።

«የሰናይት ግርማ ወላጅ ነዎት?» አለ አንድ ድምፅ።

«ነኝ» አልኩ።

የወላጆች ስብሰባ ነበር። ሸሚዝ ተኩሼ፣ ጫማ አስጠርጌ ሄድኩ። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«መምጣት አልነበረብዎትም» አለችኝ።

«ተጠራሁ።»

«እንግዲያው ይቀመጡ።»

የሒሳብ መምህሯ «ልጅዎ ጎበዝ ናት» ሲለኝ «አልጀብራ እኔም እችላለሁ» አልኩት። ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ሳቅ ነው። ከዚያ በኋላም በተጠራሁ ቁጥር ሄድኩ። አንድም ስብሰባ አልቀረሁም። ከእውነተኞቹ ወላጆች ውስጥ እንዲህ የሚል ስንቱ ነው? በመንገድ ስንገናኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም። እኔም ከዚያ በላይ አልጠየቅኳትም።

ዘንድሮ ስልኩ አልጮኸም። ቁጥሬ ጠፍቶባቸው ይሆናል ብዬ የስብሰባውን ቀን ከጎረቤት ልጅ እናት ጠየቅኩና ሄድኩ። ክፍሉ በር ላይ ስደርስ መምህሩ ስም ይጠራል።

«የሎሚ ቱሉ ወላጅ!»

«አለሁ» ያለው ድምፅ ከአግዳሚው ላይ ነው። ቱሉ አዲስ ኮት ለብሷል፤ ኮፍያው ጉልበቱ ላይ ነው። ልጅቷ አጠገቡ ተጠግታ ተቀምጣለች። ፍርድ ቤት ሄደው ስሟን አስተካክለውታል፤ ትክክለኛው ነገርም ያ ነው። ቱሉ አየኝና ጠጋ ብሎ በመዳፉ አግዳሚውን መታ መታ አደረገ። «ቦታ አለ፣ ይቀመጡ» አለኝ።

መምህሩ አዲስ ነው። «እርስዎስ የማን ወላጅ ነዎት?» አለኝ።

ልጅቷ ቀና አለች። «ጋሽ ታምሩ ናቸው» አለችው። መምህሩ ሌላ ነገር ትጨምር እንደሆን ጠበቀ። እኔም ጠበቅኩ። ምን ልትጨምር ትችላለች? አፏን ከፈተችና ፈልጋ አጣችው፤ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«ለሰላምታ ብቅ ብዬ ነው» አልኩና አዳንኳት። ከቱሉ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሰላም ተባባልን፤ አጥብቆ ያዘኝ። ከዚያ ወጣሁ።

ከግቢው ስወጣ ረፋድ ነበር። መንገዱ ላይ አንድም ተማሪ የለም፤ ሁሉም በየክፍሉ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤቱ ተዘግቷል፤ ሱቁ በር ላይ ባለቤቱ ብቻውን ተቀምጧል። በትምህርት ሰዓት መንገድ ላይ የምንከራተት እኔ ብቻ ነበርኩ። ቀስ ብዬ በዋናው መንገድ፣ በግልጽ ሄድኩ። ወዴት ነህ ብሎ ያስቆመኝ ሰው አልነበረም።